የተቆረጠ ዓምድ የጎደለ ቁና ነው

ንግድ በእምነት የሚቆም ሥራ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ገዢ ሻጩን፣ ሸሪክ ሸሪኩን፣ ባንክም ተበዳሪውን የሚያምነው በሚያየው ማስረጃ ነው፤ ስለዚህም የነጋዴ ክብር ከጥንት ጀምሮ በሚዛኑ፣ በቁናውና በመዝገቡ ሲለካ ኖሯል። በዛሬው ጊዜ ግን በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ ምስክር ተጨምሯል። ይኸውም በኮምፒዩተር የሚሣለው፣ በትምህርት ቤት ባር ግራፍ እየተባለ የሚጠራው የዓምድ ሥዕል ነው። ቀድሞ የዓመቱን ሽያጭ ለማወቅ የፈለገ ነጋዴ ወፍራሙን መዝገብ ገልጦ ሲደምር ይውል ነበር፤ አሁን የሒሳብ ሠራተኛው ቁጥሮቹን በኤክሴል ወይም ይህን በመሰለ ፕሮግራም ላይ ጽፎ አንድ ቁልፍ ሲጫን ዓምዶቹ ተደርድረው ይወጣሉ።

ይህ ቅልጥፍና የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። ሚዛን መርማሪ አለው፤ ቁና ጎድሎ ሲገኝም ገበያተኛው ይጮኻል፤ በወረቀት ላይ የተሣለ ዓምድ ጎድሎ ሲገኝ ግን የሚጮኽ የለም። ዓምድ ማለት ጌጥ ሳይሆን ልክ መሆኑ ገና በሚገባ አልታወቀምና። ልክ ከሆነ ዘንድ እንደ ሚዛን ሊጠበቅ ይገባዋል።

የዓምድ ሥዕል የተወለደው ከንግድ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 ዓ.ም. ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ በለንደን ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ ውስጥ፣ ስኮትላንድ ከ1780 ዓ.ም. የገና በዓል እስከ 1781 ዓ.ም. የገና በዓል ድረስ ከ17 አገሮችና ግዛቶች ያስገባችውንና ወደነሱ የላከችውን ሸቀጥ በተጋደሙ ዓምዶች ሥሎ አሳየ። የሌሎቹን አገሮች ንግድ የብዙ ዓመት ቁጥር ስለነበረው በመስመር ሣለው፤ ለስኮትላንድ ግን ያገኘው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ስለነበረ ዓምድን መረጠ። እንግዲህ የመጀመሪያው የዓምድ ሥዕል የተናገረው ስለ አስመጪና ስለ ላኪ ነው ማለት ነው። ሰውየው የተጠቀመበት ዘዴም ቀላል ነው፤ ዓይን ከአንድ መነሻ የተነሡትን ሁለት ነገሮች ርዝመት ባየ ጊዜ፣ ረዥሙ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያለ ሒሳብ ይፈርዳል። መነሻው ሐሰት ከሆነ ፍርዱም ሐሰት ይሆናል።

ይህ ነገር የትልልቅ ከተማ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ግራና ይመልከት። ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፣ ከቆቦ እስከ እርሷ የሚዘረጋው ሸለቆ ቆቦ ግራና ተብሎ ይጠራል። በዚህ ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚሳብ ውኃ ጭምር መሬቱ በመስኖ ይለማል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ ይቀርባል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው መርሳም የወረዳው ከተማ በመሆኗ፣ የአካባቢው ምርትና ሸቀጥ በመኪና ተጭኖ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይመላለሳል።

ሽንኩርት እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ዓመት አይከርምም። ችግኙ ከተተከለ በኋላም ለመድረስ ሦስትና አራት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ወይም በስልክ የመጣለትን የዋጋ ሥዕል አይቶ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚገዛ ገበሬ፣ እርሱንም አይቶ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ፣ የሚሸጡት ከወራት በኋላ በሚኖረው ዋጋ ነው። ዓምዱ በሐሰት ረዝሞ ከታያቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተክላሉ፤ ምርቱም በአንድ ጊዜ ገበያውን ይሞላዋል። በዚያን ጊዜ ኪሳራው የሚወድቀው ሥዕሉን በሣለው ላይ ሳይሆን ባመነው ላይ ነው።

እንግዲህ ዓምድ በትክክል ይቆም ዘንድ ከሥዕሉ በፊት ሠንጠረዡ መስተካከል አለበት። በግራ በኩል የወሮቹ ስም ከላይ ወደ ታች ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል በየወሩ ትይዩ አንድ ዓይነት ልክ ያለው ቁጥር ይቀመጣል። ኩንታል ከሆነ ሁሉም ኩንታል፣ ብር ከሆነ ሁሉም ብር መሆን ይገባዋል። የዓመቱ ድምር ከታች ተጽፎ ከሆነ፣ ሥዕሉ ሲሠራ አብሮ መመረጥ የለበትም፤ አለዚያ ድምሩ እንደ 13ኛ ወር ተቆጥሮ ከሁሉ የበለጠ ግዙፍ ዓምድ ሆኖ ይቆማል፤ እውነተኞቹ ወሮችም በአጠገቡ እንደ ሣር ያንሳሉ። እንዲሁም ወሮች ሳይሆኑ ዓመቶች የሚነጻጸሩ እንደሆነ፣ 2015፣ 2016፣ 2017 ተብለው የተጻፉትን የዓመት ቁጥሮች ፕሮግራሙ የሽያጭ ቁጥር አድርጎ ሊሥላቸው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከዓመቶቹ በላይ ያለውን የርእስ ቤት ባዶ መተው ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሮቹ የዓምዶቹ ስም መሆናቸውን ይረዳል።

ከዚህ የከበደው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሠራተኛው የካቲት 30 ቀን ለማለት 30/6 ብሎ ቢጽፍ፣ ቀኑን አስቀድሞ ለመቀበል የተዘጋጀ ኮምፒዩተር የፈረንጆቹ ጁን 30 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ጥቅምት 30 ቀን ለማለት 30/2 ብሎ ቢጽፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አያውቅም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። እንዲህ ሆኖ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ሠንጠረዥ በቅደም ተከተል ይደርደር ቢባል ይዘበራረቃል። የወሩን ስም ብቻ ጽፎ በፊደል ተራ ማስደርደርም ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድማል። ስለዚህ የሚሻለው 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት እያሉ ከስሙ በፊት ተራ ቁጥር መጻፍ ነው፤ የበጀት ዓመት ከሆነም ከሐምሌ ጀምሮ 01 ብሎ መቁጠርና ይህንኑ በርእሱ ላይ መግለጽ ነው።

ጳጉሜን ለብቻዋ ስትቆም ምን እንደምትመስል ያየ ሰው አይዘነጋውም። በ30 ቀን 300 ሺህ ብር የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ይህ ሱቅ በጳጉሜን 5 ቀኖች 75 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ የጳጉሜን ዓምድ የሌላውን ወር ሩብ ያህል ሆኖ ይታያል፤ ነገሩን የማያውቅ ሰውም ንግዱ ወደቀ ይላል። በቀን ሲታሰብ ግን በሌላው ወር 10 ሺህ ብር የነበረው ሽያጭ በጳጉሜን 15 ሺህ ብር ሆኗል፤ ለዘመን መለወጫ የሚሸምተው ሕዝብ ሱቁን ሞልቶት ነበርና። ከሁሉ የደራው ሳምንት ከሁሉ የደከመ መስሎ ታየ ማለት ነው። ስለዚህ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተጣምራ «ነሐሴና ጳጉሜን፣ 35 ቀን» ተብላ ትጻፍ፤ እንደ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነች እንደሆነም 36 ቀን ይባል፤ ወይም ዓምዶቹ ሁሉ የቀን አማካይ ሽያጭን የሚያሳዩ ይሁኑ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ገበያ በሚቆምባቸው ከተሞች ደግሞ ሌላ ስውር ነገር አለ። ወሩ 30 ቀን በመሆኑ የገበያው ቀን በአንዳንዱ ወር 4 ጊዜ፣ በአንዳንዱ 5 ጊዜ ይውላል። ከ12ቱ ወሮች ውስጥ በ3 ወይም በ4ቱ አምስተኛ የገበያ ቀን ይገኛል። አብዛኛውን የሚሸጠው በገበያ ቀን የሆነ ባለሱቅ በእነዚህ ወሮች ዓምዱ በሩብ ያህል ረዝሞ ቢያይ፣ ደንበኛ ጨመረልኝ ብሎ ዕቃ በብዛት እንዳያዝ ያስፈራል። የጨመረው ደንበኛ ሳይሆን የገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ከወሩ ስም በታች በቅንፍ 4 ወይም 5 ብሎ የገበያውን ቀን ብዛት መጻፍ ብዙ ስሕተት ያድናል፤ ድካሙም ከደቂቃ አያልፍም።

በዓላትና አጽዋማትም እንዲሁ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ሲውል በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በፊተኛው ዓመት ለበዓሉ የተሸመተው ዕቃ ከፊሉ በመጋቢት መጨረሻ የተሸጠ ሲሆን፣ በኋለኛው ዓመት ግን ሁሉም በሚያዝያ ውስጥ ወደቀ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ በሚኖርበትና አብሮ በሚገበያይበት በወሎ ምድር፣ የአንዱን ዓመት መጋቢት ከሌላው ዓመት መጋቢት ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ የቅቤ፣ የእንቁላል፣ የቴምርና የስኳር ነጋዴውን ማሳሳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዓምድ መነሻ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ነጋዴ በአንድ ወር 400 ኩንታል፣ በሚቀጥለው ወር 420 ኩንታል ሽንኩርት ላከ እንበል። ጭማሪው ከመቶ 5 ነው። በሥዕሉ ላይ ቋሚው የልክ መስመር ከዜሮ ሳይሆን ከ390 ቢጀምር ግን ከመሬት በላይ የሚታየው የፊተኛው ዓምድ 10፣ የኋለኛው ደግሞ 30 ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው ሦስት እጥፍ ነው። ቁጥሮቹ በጎን በኩል በትክክል ተጽፈዋል የሚለው ምክንያት አያድንም፤ ዓምድ የተሣለው ቁጥሩን ማንበብ ሳያስፈልግ እንዲታይ ነውና። ከሥር 390 ኩንታል ቆርጦ ማስቀረት በቁና ሥር እንጨት ሸጉጦ ከመስፈር በምን ይለያል?

እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ስሕተት ያለ ተንኮል የሚሠራ መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ሲሆኑ ኤክሴል ራሱ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ መነሻውን ከዜሮ በላይ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው የልክ መስመሩን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ዝቅተኛው ልክ ምን እንደሆነ መመልከት፣ ዜሮ ካልሆነም በእጁ 0 ብሎ መጻፍ አለበት። ማሽኑ ያወጣውን ሁሉ እንደ ፍርድ መቀበል የጸሐፊነት ሙያ አይደለም።

የቀረው አቀራረጽ በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። ዓምዶች ጥልቀት ያላቸው ሣጥኖች መስለው ሲሣሉ የትኛው ጠርዝ ልኩ እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ያልተሸለመው ዓምድ ይበልጣል። በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከዓምዱ ውፍረት ባያልፍ ዓይን በቀላሉ ያነጻጽራል። ለአንድ ዓይነት ነገር አንድ ቀለም ይበቃል፤ ሁለት ዓመት የሚነጻጸር ከሆነ ግን ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆኑ፣ አንዱ ጠቆር ሌላው ነጣ ያለ ቀለም ይሁን። ከላይ የሚጻፈው ርእስም «ሽያጭ» ብቻ ሳይሆን የምን ሽያጭ፣ የየት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በኩንታል ወይስ በብር መሆኑን የሚናገር ይሁን።

ዝግ የነበሩ ወሮች ጉዳይ በሰሜን ወሎ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጦርነቱ ምክንያት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ ከመደበኛው የንግድ እንቅስቃሴ ተቋርጣ ነበር። በዚያ ጊዜ መዝገብ የጠፋበት፣ ዕቃ የተዘረፈበት ነጋዴ ብዙ ነው። የእነዚህ ወሮች ቁጥር በሠንጠረዡ ባዶ ቢተውም ዜሮ ቢጻፍም በሥዕሉ ላይ የሚታየው ያው ባዶ ቦታ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ባዶው ቦታ አስቀያሚ መስሎት ወሮቹን ጨርሶ ይሰርዛቸዋል፤ እንደዚህ ሲሆን ሐምሌና ጥር ጎረቤት ሆነው ይቆማሉ፤ ያ ሁሉ መከራም እንዳልነበረ ይሆናል። ወሮቹ በቦታቸው ይቆዩ፤ በባዶው ላይም «ሱቁ ዝግ ነበር» ወይም «መዝገቡ ጠፍቷል» ተብሎ ይጻፍ። አለዚያ የ2014 ዓ.ም.ን ድምር ከ2015 ዓ.ም. ጋር ያስተያየ ሰው፣ ሱቁ ስለተከፈተ ብቻ የመጣውን ልዩነት የንግድ ዕድገት ነው ብሎ ይጽፈዋል። ያልተጻፈለት ነጋዴ ደግሞ ባንክ ፊት ቀርቦ ሰነፍ ተብሎ ይፈረድበታል።

አስመጪውና ላኪው የሚጠነቀቁበት ሌላው ነገር የገንዘብ ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን በብር የተሣለ ዓምድ ያለ ማስታወሻ ጎን ለጎን ማቆም፣ በሁለት ዓይነት ቁና የተሰፈረን እህል እንደ አንድ መቁጠር ነው። የቡናን ነገር መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን እንዳስታወቀው በ2016 ዓ.ም. በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ቡና 298 ሺህ ቶን ያህል፣ ገቢውም 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 469 ሺህ ቶን ያህል ተልኮ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ። በቶን የተሣለው ዓምድ ከግማሽ ጥቂት በላይ ሲያድግ በዶላር የተሣለው ከአራት አምስተኛ በላይ ያድጋል፤ በብር ቢሣል ግን ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ነው። አንደኛው ስለ ምርቱና ስለ ጭነቱ፣ ሁለተኛው ስለ ዓለም ገበያ ዋጋም ጭምር፣ ሦስተኛው ስለ ብር ዋጋም ጭምር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ሥዕል ይሠራ እንጂ በአንድ ልክ ላይ አይደባለቁ።

ዓምዱ ከዜሮ ቢጀምር ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ጎልቶ ያልታየው ትንሽ ስለሆነ ነው። ትንሹ ልዩነት በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዋጋን የዕለት ተዕለት መውጣትና መውረድ ለመከታተል፣ ለዚህ የተሠራ የመስመር ሥዕል አለ፤ እርሱ የሚያሳየው የቁመትን መጠን ሳይሆን አካሄድን ስለሆነ ከዜሮ ባይጀምርም ያን ያህል አያሳስትም። ሌሎች ደግሞ ነጋዴ ዕቃውን አሳምሮ ማሳየት ልማዱ ነው ይላሉ። ሱቅን ጠርጎ ዕቃን አስተካክሎ መደርደር የሚገባ ነው፤ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከማዳበሪያው ሥር ቀብሮ ከላይ ደኅናውን ማሳየት ግን ማሳመር አይባልም።

ከሁሉም በላይ በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንዳለ መታወቅ አለበት። በተቆረጠ ዓምድ ባንክን ያሳመነ ነጋዴ፣ ብድሩን የሚከፍለው ካልተቆረጠው ሽያጩ ነው። በዚያው ሥዕል ራሱን ያሳመነ ደግሞ ዕቃ ያዝዛል፣ መጋዘን ይከራያል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ሕጉም ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ የሚያስገድደው ከ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ጀምሮ ነው፤ ግዴታው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ቀጥሏል። ዓምድ የመዝገብ ጥላ ነው፤ መዝገቡ የሌለ እንደሆነ ወይም ከዓምዱ ጋር ያልተስማማ እንደሆነ ጥላው ብቻውን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች አንድ መልካም ሥራ ቢሠሩ አባሎቻቸውን ይጠቅማሉ፤ ይኸውም 12ቱ ወሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተራ የተጻፉበት፣ ጳጉሜን በቦታዋ የገባችበት፣ የልክ መስመሩ በዜሮ የተወሰነበት በአማርኛ የተዘጋጀ ባዶ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ማደል ነው። ይህ እስኪሆን ድረስም ነጋዴው የሒሳብ ሠራተኛው ሥዕል ይዞለት ሲገባ ከመደሰቱ ወይም ከመደንገጡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዓምዱ ከዜሮ ተነሥቷልን? ወሮቹ በቀንና በገበያ ቀን እኩል ናቸውን? ይህ ቁጥር በመዝገቡ በየትኛው ገጽ ይገኛል? ሠራተኛው ለሦስቱም መልስ ካለው ወረቀቱ ይፈረምበት፤ ከሌለው ግን ሥዕሉ ወደ መጣበት ጠረጴዛ ይመለስ።